«ቅዳሜ ሌላ ገዥ ይመጣል»፦ ሐይቅ ከተማ ላይ ቤት ለመግዛት ለጠየቃችሁኝ

ጥያቄው፦ «ባለቤቴ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ይሠራል፣ እኔ ደሴ አስተማሪ ነኝ። ሐይቅ ከተማ ላይ ውሃው የሚታይበት ቤት መፈለግ ከጀመርን ቆይተናል። ሁለት ጊዜ ሌላ ሰው ዋጋ ጨምሮ ወሰደብን። አሁን ደላላው ሦስተኛ ቤት አምጥቷል። የቤቱ ባለቤት ጅዳ ያለች ሴት ናት፤ የሚያሸጠው ወንድሟ ነው፣ ውክልና አለው። ካርታው 250 ካሬ ይላል። ግቢው ግን ታጥሮ ወደ ሐይቁ ይወርዳል፣ ከ400 ካሬ አያንስም። ‹ቅዳሜ ሌላ ገዥ ይመጣል፣ ዛሬውኑ ቀብድ ስጡ› እያለን ነው። ጨምረን እንያዘው ወይስ እንተወው?»

እህቴ፣ ዛሬ ቀብድ አትስጡ። ቤቱንም ገና አትተዉት።

የጠየቃችሁኝ ስለ ዋጋ ነው። እኔን ያሳሰበኝ ግን ውክልናውና ከካርታው ውጭ ያለው ግቢ ነው። እነዚህ ሁለቱ ሳይጠሩ ስለ ዋጋ መነጋገር ከንቱ ድካም ነው። ከጠሩ ደግሞ የቅዳሜውን ሰው ብዙ ሳትጨምሩም ልትቀድሙት ትችላላችሁ።

ሽሚያው የደላላ ፈጠራ ብቻ አይደለም። ሐይቅ ከደሴ በወልዲያ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው። ደሴ በጭጋግና በብርድ ተሸፍና ሐይቅ ላይ ፀሐይ ታገኛላችሁ። ደመወዝተኛው ይፈልጋታል፣ ዓረብ አገር ያለው ልጅ ለእናቱ ቤት ሊገዛባት ይፈልጋል፣ ሎጅ ያሰበ ነጋዴም ዓይኑን ጥሎባታል። ቦታው ደግሞ አይሰፋም። በአንድ በኩል አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመሠረቱት የእስጢፋኖስ ገዳም አለ። ከከተማው ወጣ ስትሉ ዳርቻው የገበሬ ማሳ ነው፣ የቀረው ዳገት ነው። ካርታ ኖሮት ውሃውን የሚያይ ቤት ጥቂት ነው። ስለዚህ «ሌላ ገዥ አለ» የሚለው ወሬ እውነት ሊሆን ይችላል። እውነት መሆኑ ግን ወረቀት ሳታዩ ብር እንድታወጡ ምክንያት አይሆንም።

ውክልናውን እንይ። ወንድምየው የያዘውን ውክልና ኮፒ ተቀበሉና ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ ቃል በቃል አንብቡት። «ንብረቴን እንዲያስተዳድር፣ እንዲያከራይ፣ ግብር እንዲከፍል፣ ፍርድ ቤት ቆሞ እንዲከራከርልኝ» ብቻ የሚል ከሆነ ሊሸጥላችሁ አይችልም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2204 ጠቅላላ ውክልና ለማስተዳደር ሥራ ብቻ እንደሚሆን ይናገራል። ቤት ለመሸጥ በአንቀጽ 2205 መሠረት ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። «እንዲሸጥ» የሚለው ቃል ተጽፎ መታየት አለበት። «ማንኛውንም ነገር እንዲያደርግልኝ» የሚለው አይበቃም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ወረቀቱ ማኅተም ስላለው ብቻ ሙሉ ይመስለዋል።

ውክልናው ጅዳ የተሰጠ ከሆነ እዚያ ያለው የኢትዮጵያ ቆንስላ ያረጋገጠው፣ ከዚያም በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በኩል ያለፈ መሆኑን እዩ። ቀኑንም ልብ በሉ። ወካዪዋ ውክልናዋን በፈለገች ጊዜ መሻር ትችላለች። ከሞተችም ውክልናው ያበቃል። ስለዚህ የቆየ ውክልና ካያችሁ አዲስ ይምጣ በሉ። ደግሞ ራሷን በቪዲዮ ደውሉላት፣ በወንድሟ ስልክ ሳይሆን በራሳችሁ። ዋጋውን ከአፏ ስሙት። ከዓረብ አገር ሆነው ቤታቸው በስንት እንደተሸጠ ከጎረቤት የሰሙ እህቶች አሉ። ዕድሜያቸውን ሰው ቤት ሠርተው ያቆሙት ቤት ነው። ክሱ ሲመጣ ገዥንም ይዞ ነው የሚመጣው። ይህን ጥሪ ማድረግ ለእናንተም ለእሷም ደግ ሥራ ነው።

ባል አላት ወይ? ይህንንም ጠይቁ። ካርታ በአንዱ ስም መሆኑ ብቻ ንብረቱን የግል አያደርገውም። ባለትዳር ከሆነች የባሏ ስምምነት በጽሑፍ ያስፈልጋል። ካላገባች ደግሞ ያላገባ ማስረጃ ታምጣ። ቤቱ ከወላጅ የመጣ ከሆነ የወራሽነት ማስረጃውን እዩና ሌሎቹ ወንድምና እህቶች ድርሻቸውን በምን መልክ እንደለቀቁ ጠይቁ። ከዚህ በኋላ የሰፈሩ ቅሬ (ዕድር) ሰዎች ዘንድ ሂዱ። ማን የማን ልጅ እንደሆነ፣ ማን በዚያ ግቢ ላይ ቅሬታ እንዳለው ከማዘጋጃ ቤቱ በፊት እነሱ ያውቃሉ። ጎረቤት ሆናችሁ የምትቀበሩትም ከእነሱ ጋር ስለሆነ ቀድሞ መተዋወቅ ክፋት የለውም።

አሁን ወደ ግቢው እንሂድ። ሳይሸፋፈን ልንገራችሁ። ካርታው 250 ካሬ ካለ የምትገዙት 250 ካሬ ነው። አጥሩ የፈለገውን ያህል ቢወርድ ለውጥ የለውም።

የቀረው 150 ካሬ የማን ነው? አንድም የከተማው መሬት ነው፤ ባለቤቷ ወይም ወንድሟ አስፍተው አጥረውታል። አንድም በከተማው ፕላን ላይ ለአረንጓዴ ቦታ ወይም ለሐይቁ ዳርቻ የተተወ ነው። አንድም ከጎን ካለ ገበሬ «ተገዝቶ» የተጨመረ ነው። ሦስተኛው የባሰ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም። ገበሬው በይዞታ ደብተሩ የያዘውን ማሳ ሊያከራይ፣ ሊያወርስ፣ ሕጉ በሚፈቅደው መንገድ በስጦታ ሊሰጥ ይችላል። መሸጥ አይችልም። ይህን ለማለፍ ሰዎች የብድር ውል ወይም የስጦታ ውል ያስመስሉታል። ገበሬው ወይም ልጁ ነገ ቢከስ ያ ወረቀት አያስጥላችሁም። «ሰፈሩ በቅርቡ ወደ ከተማ ይገባል፣ ያኔ ካርታ ይወጣለታል» የሚላችሁን አትስሙ። በዚህ ተስፋ የተሠራ ስንት ጨረቃ ቤት በዶዘር ሲፈርስ አይታችኋል።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። የካርታውን ኮፒና ረጅም ሜትር ይዛችሁ ግቢው ውስጥ ግቡ። ሳይት ፕላኑ ላይ የእያንዳንዱ ጎን ርዝመት ተጽፏል። ለምሳሌ ፊቱ 12.5 ሜትር፣ ጎኑ 20 ሜትር ቢሆን 250 ካሬ ይሞላል። ከመንገዱ በኩል ካለው አጥር ጀምራችሁ 20 ሜትር ወደ ታች ለኩና እዚያ ላይ ድንጋይ አስቀምጡ። አሁን ቀና በሉና ዙሪያችሁን ተመልከቱ። ማድ ቤቱ ከድንጋዩ በታች ነው? የሽንት ቤቱ ጉድጓድስ? ደላላው ቡና እየጠጣችሁ ሐይቁን ያሳያችሁ ዳስ ከድንጋዩ በላይ ነው ወይስ በታች? ብዙ ጊዜ ውበቱ ሁሉ ከድንጋዩ በታች ሆኖ ይገኛል። ያኔ ጨምራችሁ የምትከፍሉት ብር ሰውየው ሊሸጥ ለማይችለው ነገር ነው። ይህ የእናንተ ልኬት ለራሳችሁ ነው። የካርታው የማዕዘን ነጥቦች መሬት ላይ የት እንደሚያርፉ በመሬት አስተዳደሩ ባለሙያ ይለካላችሁ። ያንን ሳታደርጉ አትፈርሙ።

ማዘጋጃ ቤት ስትሄዱ ሦስት ነገር አብራችሁ ጠይቁ። ቤቱ ከዕዳና እገዳ ነፃ መሆኑን በጽሑፍ፣ የግንባታ ፈቃድ ያለው የትኛው ክፍል እንደሆነ፣ ከእናንተ አጥር በታች እስከ ውሃው ድረስ በፕላኑ ላይ ምን እንደታሰበ። የመጨረሻውን ጥያቄ ብዙ ሰው ይረሳዋል። ዛሬ ሐይቁን የምታዩበት ባዶ ቦታ ነገ ለሆቴል ከተሰጠ እይታችሁ በፎቅ ይዘጋል፣ ለማንም አቤት ማለት አትችሉም። «ማኅደሩ በ2014ቱ ጦርነት ጊዜ ጠፍቷል» የሚል መልስ ካጋጠማችሁ አትደንግጡ፣ ግን በቃል አትቀበሉት። መጥፋቱንና ይዞታው በምን መልክ እንደተጣራ ቢሮው በደብዳቤ ይግለጽላችሁ።

ይዞታው ነባር (ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘ) ነው ወይስ ሊዝ (ከመንግሥት በውል ለተወሰነ ዘመን በክፍያ የተያዘ)? በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት ነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ በስተቀር በሌላ መንገድ ሲተላለፍ ተቀባዩ ቦታውን የሚይዘው በሊዝ ነው። ይህ ማለት ሻጯ የማትከፍለው ክፍያ በእናንተ ላይ ይመጣል። ስንት እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁና ዋጋችሁ ውስጥ አስገቡት። ቀድሞውኑ ሊዝ ከሆነ ያልተከፈለው ቀሪ ስንት እንደሆነ እወቁ።

ስለ ቀብድ ብዙ ማለት ያስፈልገኛል፤ ሁለቱን ቤት ያጣችሁትም በዚህ ሳይሆን አይቀርም። ሰው ቀብድ ከሰጠ ቤቱን ያሰረ ይመስለዋል። ሕጉ እንደዚያ አይልም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ቀብዱን ለቆ ከውሉ መውጣት ይችላል። የተቀበለም እጥፉን መልሶ መውጣት ይችላል። አስሉት። 50 ሺህ ብር ቀብድ ሰጣችሁ። ቅዳሜ አንድ ሰው መጥቶ 300 ሺህ ጨመረ። ሻጩ 100 ሺህ ይመልስላችኋል፤ ግማሹ የራሳችሁ ነው። ከኪሱ 50 ሺህ አውጥቶ 300 ሺህ አገኘ። 250 ሺህ አተረፈባችሁ፣ ሕግም አልጣሰም። ሽሚያ ባለበት ቦታ ትንሽ ቀብድ ቤት አይዝም።

ይባስ ብሎ ያ የደላላ ቢሮ ውስጥ በሁለት ምስክር የሚፈረም ወረቀት ራሱ ደካማ ነው። ቤትን የሚመለከት ውል በጽሑፍ ሆኖ ፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው አካል ፊት መደረግ እንዳለበት አንቀጽ 1723 ይደነግጋል። የቅድሚያ ውልም የዋናውን ውል ፎርም መከተል እንዳለበት አንቀጽ 1721 ይናገራል። ሻጭ ከካደ ክርክሩ ይረዝማል። መጨረሻው ብዙ ጊዜ «ወደ ነበራችሁበት ተመለሱ» ነው። ብራችሁ ይመለስ ይሆናል። ግን ከዓመታት በኋላ የሚመለስ ብር ያንን ቤት አይገዛም።

ስለዚህ የእኔ ምክር ቀብዱን መዝለል ነው። ወረቀቱ ሲሟላ በቀጥታ ሰነድ አረጋጋጭ ፊት ዋናውን የሽያጭ ውል ፈርሙ። የግድ ቀብድ ካሉ ያንንም እዚያው ፊት አድርጉት፤ አንዱ ወገን ብቻውን ተነሥቶ እንዳይወጣ በግልጽ አጽፉ፣ የሚያፈርስ ወገን የሚከፍለውን ገደብም ወስኑ። ባንክ ብድር የምትጠብቁ ከሆነ ደግሞ ብድሩ ካልተፈቀደ ገንዘባችሁ ሙሉ በሙሉ እንደሚመለስ ይጻፍ። የባንኩ መሐንዲስ የሚገምተው ዋጋ ከገበያው ዝቅ ሊል ይችላል። ባንኩ የሚያበድረው በራሱ ግምት ላይ ተመሥርቶ ነው። ልዩነቱን ከየት እንደምታመጡ ሳታውቁ ዋጋ አትጨምሩ።

እንግዲህ የቅዳሜውን ሰው እንዴት ትቀድሙታላችሁ? ሻጯን አስቧት። ጅዳ ያለች ሴት ናት። የምትፈልገው ነገር ተንጠልጥሎ እንዳይቀር፣ ብሩ አንዴ እንዲገባ፣ ወንድሟ ከደላላ ጋር እየተንከራተተ እንዳይቆራርጠው ነው። ብዙ ሻጭ ትልቅ ዋጋ ጠርቶ ብሩን በሦስት ዙር ከሚከፍል ሰው ይልቅ ትንሽ ቀንሶ በሲፒኦ (በባንክ የክፍያ ማዘዣ) በአንድ ጊዜ የሚከፍለውን ይመርጣል። ስትደውሉላት ይህንን ንገሯት። «ብራችን በባንክ ተዘጋጅቷል፣ ውሉ በጠበቃ ተዘጋጅቷል፣ የሚጎድለው አንቺ ከቆንስላ የምትልኪው ውክልና ነው። እሱ በደረሰ ማግስት በአንቺ ስም ባለው ሒሳብ ሙሉውን እናስገባለን» በሏት። ይህ ከተጨማሪ ብር በላይ ይመዝናል። ወንድምየው የያዘው ውክልና ለመሸጥ የማይበቃ ከሆነ፣ አዲሱ እስኪደርስ የቅዳሜው ሰውም ቢሆን በሕግ ከእናንተ ሊቀድም አይችልም። እሱ ሳይጣራ ቢገዛ ራሱን ነው የሚጎዳው፤ እናንተ ዕድል አላጣችሁም።

የምትከፍሉትን የመጨረሻ ዋጋ፣ ጣሪያችሁን፣ ግን ቤታችሁ ሆናችሁ ቁረጡት። ሁለታችሁ ተስማምታችሁ በወረቀት ጻፉት። ደላላው ፊት ጣሪያችሁን አትናገሩ፤ ኮሚሽኑ ከዋጋው ጋር ስለሚያድግ ዋጋው ሲያድግ እሱም ይጠቀማል። ጣሪያው ውስጥ የቤቱ ዋጋ ብቻ አይግባ። የስም ማዛወሪያ፣ የቴምብር ቀረጥ፣ የደላላ ክፍያ፣ የመጀመሪያው ዓመት ጥገና ሁሉ ይደመር። ሽያጩ የሚያመጣውን የካፒታል ዕድገት ግብር ማን እንደሚከፍል ውሉ ላይ በስም ይጻፍ። ካልተጻፈ ስም ማዛወሩ ቆሞ እርስ በርስ ስትተያዩ ትከርማላችሁ።

አንድ ነገር በጣም እለምናችኋለሁ። ግብር ለመቀነስ ብላችሁ ውሉ ላይ ዋጋ ዝቅ አድርጋችሁ አታጽፉ። ማዘጋጃ ቤቱ የራሱን ግምት ስለሚይዝ ጥቅሙ ትንሽ ነው። ውሉ በሆነ ምክንያት ቢፈርስ ግን ማስመለስ የምትችሉት የተጻፈውን ነው። ሕይወታችሁን ሙሉ ያጠራቀማችሁት ብር ግማሹ በወረቀት ላይ የለም ማለት ነው።

ስለ ቤቱ አካል ባጭሩ። መሐንዲስ ይዛችሁ ሂዱ፤ ክፍያው ከቤቱ ዋጋ አንጻር ኢምንት ነው። በራሳችሁ ዓይን ደግሞ ግድግዳው ከወለል ጉልበት ድረስ ብቻ አዲስ ቀለም ተቀብቶ ከሆነ ጠርጥሩ፤ እርጥበት የተሸፈነ ሊሆን ይችላል። ከመስኮት ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ የሚሄድ ስንጥቅ ካለ መሠረቱ ያረፈው ዋልካ (ጥቁር ጭቃማ አፈር) ላይ መሆን አለመሆኑን አስጠይቁ። ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ኮለኑና ማገሩ በደንብ የተሳሰረ መሆኑንም መሐንዲሱ ይይ፤ ወሎ የስምጥ ሸለቆው ጫፍ ናት። በ1953 ዓ.ም. የካራቆሬው መንቀጥቀጥ ማጀቴን እንዳልነበረች ያደረጋት ከዚህ ብዙም ሳይርቅ ነው።

ውሃውንም አትርሱት። የሐይቅ ሐይቅ ወደ ውጭ የሚወጣ ወንዝ የለውም። ከጎረቤቱ ከአርዲቦ ሐይቅ በኩልና ከዙሪያው ተራራ የሚወርደው ይገባበታል፣ በገጽ የሚወጣ ግን የለም። ስለዚህ ከፍና ዝቅ ይላል። ቤቱን በግንቦት ብቻ አይታችሁ አትወስኑ። መስከረም ላይ ውሃው የት ድረስ እንደሚመጣ ዓሣ አጥማጆቹን ጠይቁ፤ ዛፉን፣ ድንጋዩን ጠቁመው ያሳዩዋችኋል። የሽንት ቤት ጉድጓዱ ወደ ውሃው ተጠግቶ ከተቆፈረ በክረምት ይሞላል፣ ሐይቁንም ይበክላል። ልጆቻችሁ የሚዋኙበት ውሃ ነውና እንደ ትንሽ ነገር አትዩት።

የራሴን ሐሳብ ካላችሁ፣ ውሃው ጫፍ ላይ አልገዛም። ከዋናው መንገድ ከፍ ብሎ፣ ካርታውና አጥሩ የሚገጥሙበት፣ ሐይቁ ከበረንዳ የሚታይበት፣ በእግር ሩብ ሰዓት ወርዳችሁ የምትደርሱበት ቤት እፈልጋለሁ። እዚያ ሽሚያው ይቀንሳል፣ መሬቱም ይደርቃል። ነገ ሎጅ ላድርገው የሚል ሐሳብ ካላችሁ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። የመኖሪያ ካርታ ይዞ ሎጅ መክፈት አይቻልም፤ የአገልግሎት ለውጥ መፈቀዱን ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ።

ይህን ቤት በተመለከተ ግን እንዲህ አደርጋለሁ። ዛሬ ማታ ጅዳ እደውላለሁ። ነገ ጠዋት ሜትር ይዤ እለካለሁ። ማድ ቤቱና የሽንት ቤቱ ጉድጓድ 250 ካሬው ውስጥ ከሆኑ፣ ዋጋ የማቀርበው ለ250ው ብቻ ነው፤ ለቀረው ግቢ አንድ ብር አልጨምርም፣ ውሉም ላይ ስሙ አይነሳም። ጉድጓዱ ከድንጋዩ በታች ከሆነ አዲስ የመቆፈሪያ ወጪውን ከዋጋው ላይ እቀንሳለሁ። ማድ ቤቱ ወይም የመኖሪያው ክፍል ራሱ ከካርታው ውጭ ከወጣ ቤቱን እተወዋለሁ፣ ዋጋው ቢወርድም። ውሉ ከተፈረመ ደግሞ ስሙ ሳይዛወር አትዘናጉ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2878 እንደሚለው በማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ ያልተመዘገበ ሽያጭ በሦስተኛ ወገን ላይ አይጸናም። ቁልፉን ስትረከቡ የመብራትና የውሃ ቆጣሪውን ንባብ ከወንድምየው ጋር ሆናችሁ በፎቶ ያዙ፣ ያለፈው ወር ደረሰኝም ይስጣችሁ። የውክልናውን ኮፒ ስታገኙ ላኩልኝ፣ አየዋለሁ።